ወጣት ማዕከል ውስጥ ድራማ ማሠልጠን፦ ከየት ይጀመራል? እንጀራስ ይሆናል?

ጀማሪዋ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በወረዳችን ወጣት ማዕከል የድራማ ክበቡን እንዳሠለጥን ተጠይቄ እሺ ብያለሁ። ልጆቹ 22 ናቸው፤ 13ቱ ሴቶች፣ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 19። አዳራሹን ከቴኳንዶና ከጠረጴዛ ቴኒስ ጋር ነው የምንፈራረቀው። የኛ ተራ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ነው። ኅዳር 22፣ የዓለም ኤድስ ቀን ላይ፣ ሰፈር ሜዳ ላይ አንድ ሥራ እንዲታይ ይፈለጋል። መስከረም 12 ብንጀምር ያለን አሥር ሳምንት ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምን ላስተምር? ድርሰቱን ራሳችን እንጻፍ ወይስ የተጻፈ እንፈልግ? ሜዳ ላይ ያለ ድምፅ ማጉያ እንዴት ይሰማል? በግልጽ ልጠይቅና ደግሞ፣ ሰው በዚህ ሥራ ብቻ ይኖራል?

መጋረጃ ሳቢ

እንኳን ወደ ድካሙ በሰላም መጣሽ እህቴ። ከሁሉ በፊት ሰዓትሽን ቁጠሪ። በሳምንት 6 ሰዓት ከሆነ በአሥር ሳምንት 60 ነው። መስቀል አለ፣ አዳራሹ ለስብሰባ ተፈልጎ የምትመለሱበት ቀን አይጠፋም፣ የትምህርት ቤት ፈተናም ይገባል፤ ስለዚህ 10 ሰዓት ከአሁኑ ቀንሺ። ከጀማሪ ልጆች ጋር ለሚታየው ለእያንዳንዱ ደቂቃ አንድ ሰዓት ተኩል ልምምድ ያዢ። የ20 ደቂቃ ሥራ 30 ሰዓት ይበላል። ለመሠረታዊ ሥልጠና የሚተርፍሽ 20 ሰዓት ነው። "የአንድ ሰዓት ተውኔት አድርጉት" የሚል ኃላፊ ከመጣ ይህንን ስሌት በወረቀት አሳዪው፤ ሌላ ክርክር አያስፈልግም።

ያንን 20 ሰዓት በትወና አትጀምሪ፣ በድምፅ ጀምሪ። ልጆቹ በጀርባቸው ተኝተው ሆዳቸው ላይ ደብተር ያስቀምጡ። ትንፋሽ ሲስቡ መነሣት ያለበት ደብተሩ ነው፤ ደረታቸው ከተነሣ እንደገና። ከዚያ ትንፋሹን "ስስስ" እያሉ በቀስታ ያውጡት። የመጀመሪያው ቀን ብዙዎቹ እስከ 10 ቆጠራ አይዘልቁም፤ በሦስተኛው ሳምንት 20 መድረስ አለባቸው። በየልምምዱ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆነው በ2 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ቆመው ያውሩ፤ በየዙሩ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ እስከ 15 ሜትር ይራራቁ። መጮህ ከጀመሩ አስቁሚያቸው። የጮኸ ልጅ በማግስቱ ድምፅ የለውም።

የኛ ቋንቋ የራሱ ጣጣ አለው፤ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። "ልጅቷ ትናንት ወደ ጤና ጣቢያ ብቻዋን…" ሄዳ ይሁን፣ ሳትሄድ ቀርታ ይሁን፣ ልትሄድ አስባ ይሁን የምናውቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። የጀማሪ ተዋናይ ትንፋሽ የሚያልቀው ደግሞ እዚያችው ቃል ላይ። ተመልካቹ ከፊት ያለውን ሁሉ ሰምቶ እሷን ካጣ ምንም አልሰማም ማለት ነው። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን ከኋላው ጀምሮ ማለማመድ ነው። መጀመሪያ "አልሄደችም" ይበል። ቀጥሎ "ብቻዋን አልሄደችም"። ቀጥሎ "ወደ ጤና ጣቢያ ብቻዋን አልሄደችም"። አፉ የት እንደሚያርፍ ካወቀ ትንፋሹን እስከዚያ ይቆጥባል።

መጥበቅና መላላትን ፊደላችን አያሳይም። "አለ" ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። "ይመታል" ላልቶ ሲነበብ መቺውን ነው የሚነግርሽ፣ "መ" እና "ታ" ጠብቀው ሲነበቡ ተመቺውን። በመጀመሪያው የንባብ ልምምድ ሁሉም እርሳስ ይያዝና በሚጠብቀው ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ ያስቀምጥ። ይህ ካልተደረገ ልጁ ስህተቱን በቃሉ ይይዘዋል፤ በቃል የተያዘ ስህተት ደግሞ በስምንተኛው ሳምንት አይነቀልም።

ድርሰቱን ከልጆቹ አውጪው። በሦስተኛው ሳምንት በአራት በአራት ተቧድነው ታሪኩን በሦስት የቆመ ምስል ብቻ ያሳዩ፦ መነሻው፣ የተበላሸበት ቦታ፣ መጨረሻው። ንግግር የለም፣ እንደ ፎቶ ደርቀው ይቁሙ። የጠነከረውን ምረጪና በራሳቸው ቃል ያውሩት፤ በስልክ ቅጂው፣ ቤትሽ ገብተሽ ገልብጪው። በ12 የፊደል መጠን የታተመ አንድ ኤ4 ገጽ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ከ12 ገጽ በላይ ከሆነ ቁረጪ። ገጸ ባሕርያቱን ከ8 አታሳልፊ፤ የተቀሩት ልጆች ከበሮና ዘፈን፣ ቁሳቁስ፣ አልባሳት፣ ተመልካች ማስቀመጥና ተተኪነት ይያዙ። ለእያንዳንዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ተተኪ ይኑር፤ ኅዳር ላይ ጉንፋን የማይዘው ልጅ የለም።

የሌላ ሰው ድርሰት ካሰባችሁ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። በአዋጅ 410/1996 መሠረት የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያለን ጭውውት ቃል በቃል ገልብጦ መሥራትም ያው ነው፤ ሁሉም ስለሚያደርገው ሕጋዊ አይሆንም።

ሁለተኛ ረድፍ

ስለ ሜዳው ልጨምር። ከሁለት ሳምንት በፊት ትርኢቱ በሚታይበት ሰዓት ሄደሽ ቁሚበት። ፀሐይ በተመልካቹ ጀርባ መሆን አለባት። ዓይኑን ያጨናበሰ ሰው አሥር ደቂቃ አይቆይም፤ ተዋናዩ ግን ይችለዋል። ጠዋት 4 ሰዓት ከሆነ ተመልካቹ ጀርባውን ለምሥራቅ ይስጥ። ነፋሱ ከመድረክ ወደ ተመልካች ይንፈስ። ፀሐይና ነፋስ ካልተስማሙልሽ ለነፋሱ አድዪ፤ ፀሐይን በዕድር ድንኳን መከለል ይቻላል። ወፍጮ ቤትና የብየዳ ቤት በአቅራቢያው ካለ ቦታ ቀይሪ። የቅዳሴውን ማብቂያና የአዛኑን ሰዓት ጠይቀሽ ያዢ።

6 በ6 ሜትር ቦታ በገመድ ክለዪ። ሕፃናቱን ፊት ለፊት ሰሌን ላይ አስቀምጪ፤ ካልተቀመጡ ገመዱን አልፈው መሐል ይገባሉ፣ ከነሱ ኋላ ያለውም ቆሞ ይጋርዳል። ከነሱ ኋላ የዕድሩ አግዳሚ ወንበር፣ ከዚያ ቋሚዎች። ያለ ማጉያ የሰለጠነ ድምፅ 15 ሜትር ድረስ ይሄዳል፤ ከ200 ሰው በላይ ከመጣ አንድ ጊዜ በግድ ከማሰማት ሁለት ጊዜ ማሳየት ይሻላል።

ማይክ ብታገኚ ለመድረክ መሪዋ ብቻ ስጪ። አንዲት ማይክ እየተቀባበሉ መተወን የሰፈር ድራማ ትልቁ በሽታ ነው። ተዋናዩ እጁ ታስሯል፣ ዓይኑ ባላንጣውን ትቶ ማይኩን ይጠብቃል፣ ማይኩ ሲዘገይ ቃሉ ይሞታል።

ትርኢቱን በከበሮ ጀምሩ፤ 10 ደቂቃ ሕዝቡ እስኪሰበሰብ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ታሪኩን የሚሸከም ቃል አይነገር፤ ሰው ገና ወንበር እየፈለገ ነው።

አሁን ይዘቱ። ብዙ የሰፈር ጭውውት የሚበላሸው መጨረሻ ላይ አንዱ ገጸ ባሕርይ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ምክር ሲለግስ ነው። ሰዉ ያጨበጭባል፣ ይሄዳል፣ አለቀ። የኤች አይ ቪ ጭውውት ደግሞ ሁሌም ታማሚው ሲሞት ነው የሚያልቀው። ይህ እውነትም አይደለም፤ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ሠርቶና ወልዶ ይኖራል። ማስፈራራቱ ሰውን ከምርመራ ያርቃል። ድርሰቱን በአምስተኛው ሳምንት ለጤና ጣቢያው ባለሙያ አስነብቢ፤ በዘጠነኛው ሳምንት "ይህ ስህተት ነው" ከተባልሽ ማስተካከያ ጊዜ የለሽም።

የሚሻለው የፎረም ቲያትር ነው። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዳበረው ስልት ነው። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ የሚሆን ታሪክ ታሳያላችሁ፤ የተበደለችው ልጅ ጥረቷ ሳይሳካ ያልቃል። ከዚያ ከመጀመሪያው ትደግሙታላችሁ። ከተመልካቹ "ቁም!" ያለ ሰው መሐል ገብቶ በልጅቷ ቦታ ሌላ ነገር ይሞክራል። ሌሎቹ ተዋናዮች በባሕርያቸው ጸንተው ይመልሱለታል። መተካት የሚቻለው የተበደለችው ብቻ ናት። ክፉውን አባት ተክቶ ደግ ማድረግ ቀላል ነው፣ ግን ቤቱ ሲመለስ አባቱ አይለወጥም።

እኛ ዘንድ አንድ እንቅፋት አለ። ትልልቅ ሰዎች መሐል ገብቶ መተወን ያፍራሉ፤ ከተቀመጡበት ይመክራሉ። መድረክ መሪዋ "ይምጡና ያሳዩን" ብላ አትጫናቸው። "አባባ፣ ምን ትበል ይላሉ? በትክክል ቃሉን ይንገሯት" ትበልና ተዋናይዋ ያንኑ ቃል ይዛ ትሞክረው። ምክሩ ሲሠራም ሲከሽፍም ሁሉም ያያል። ሁለት ሦስት እንዲህ ከሄደ በኋላ ወጣቶቹ ራሳቸው ይገባሉ። ከ5 ሙከራ አትለፉ፤ ሰዉ ይሰለቻል።

ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በዕለቱ እዚያው ትኑር። እንዲህ ያለ ታሪክ አይታ ወደ ጎን መጥታ የምታለቅስ ሴት አትጠፋም፤ ለዚያ አሠልጣኟም ልጆቹም አልተማሩም።

ቃል ፍለጋ

ሁለተኛ ረድፍ ባነሣው ላይ አንድ ነገር። ፎረም ከሆነ ልጆቹን ቃል በቃል አታስጠኚ፤ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ብቻ ያጥኑ። ለሁለተኛው ክፍል እያንዳንዱ ተዋናይ ሁለት ነገር ይወቅ፦ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚያስፈራው። ቃሉን ብቻ የያዘ ልጅ ተመልካች ያልተጠበቀ ነገር ሲለው ደንግጦ ይስቃል።

ቃል የጠፋበትን ልጅ ለማዳን ሜዳ ላይ አስታዋሽ መደበቂያ የለም። ስለዚህ በየትዕይንቱ አንድ የመዳኛ ጥያቄ ይዘጋጅ። ለምሳሌ "ቆይ፣ እናትሽ ምን አሉ ነበር ያልሽኝ?"። ጓደኛው ሲደርቅ ያኛው ይህንን ይጠይቃል። በልምምድ ላይ ሆን ብለሽ አንዱን አስቁሚና ሌላው ያድነው፤ አምስት ስድስት ጊዜ።

ጀማሪዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ማስታወሻ እየያዝኩ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። የሴቶቹ ወላጆች "ድራማ ምን ይሠራላታል" እያሉ ነው፤ 11 ተኩል ላይ ሲወጡ ደግሞ ሊመሽ ነው። ሌላው፣ የ16 ዓመት ልጅ ሽማግሌ ሆኖ ሲገባ ሁሉም ይስቃል። ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን እያንቀጠቀጠ። ምን ይሻላል?

ጓዳና ሳሎን

ከወላጆቹ እንጀምር። የልምምድ ቀናቱን፣ መግቢያና መውጫ ሰዓቱን፣ ያንቺን ስልክ የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት በማዕከሉ ማኅተም ለየቤቱ ላኪ። ወላጅን የሚያሳስበው ድራማው አይደለም፣ ልጁ የት እንዳለች አለማወቁ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ልቀቂያቸው፤ በቤታቸው አቅጣጫ ተቧድነው ይሂዱ። ሙሉ ሰዓቱን ለወንዶቹ ብቻ አታስቀጥዪ፣ ሴቶቹ ከልምምድ ኋላ ይቀራሉ። በአምስተኛው ቅዳሜ ወላጆችን ጠርተሽ 20 ደቂቃ ልምምድ አሳዪ።

ቅዳሜ ጠዋት የልብስ አጠባና የገበያ ሰዓት ነው። "ሰነፎች ናቸው፣ ይቀራሉ" ከማለት በፊት ልጆቹን በየግላቸው ጠይቂ። ከቴኳንዶው ጋር ተቀያይረሽ ከ8 እስከ 11 ብታደርጊው የሚቀሩት ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። ያኔም ሕጉ ለሁሉም አንድ ይሁን፦ ሳያስፈቅድ ሦስት ጊዜ የቀረ ወደ ተተኪነት ይወርዳል፣ ከክበቡ ግን አይባረርም።

ሽማግሌው ላይ፦ ጢም አትለጥፊለት፣ ፀጉሩ ላይ ዱቄት አትነስንሺ (ይረግፋል፣ ያስነጥሳል፣ ተመልካቹም የሚያወራው ስለ ዱቄቱ ብቻ ይሆናል)። ጎንበሱንም መንቀጥቀጡንም ከልክዪው። ሽማግሌውን የሚፈጥሩት ሌሎቹ ናቸው። ልጁ ጋቢውን እንደለበሰ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ቀጥ ብሎ በቀስታ ይግባ። ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው "ኖር!" ይበሉ። እሱ ቸኩሎ አይቀመጥ፣ አንዴ ዞር ብሎ ይያቸውና "በእግዜር" ይበል፣ ይቀመጥ፣ ከዚያ እነሱ ይቀመጡ። በዚህች አሥር ሰከንድ ውስጥ ሳቁ ይቆማል። ተዋናዩ 60 ዓመት አልሞላውም፤ ቤቱ ግን እንደ 60 ዓመት ሰው ተቀብሎታል።

አንቱታውንም ተጠቀሚበት። በድርሰቱ ሙሉ "እርስዎ" ስትል የቆየች ልጅ፣ ጠቡ ጫፍ ሲደርስ አንዴ "አንተ" ብትለው ከማንኛውም ጩኸት ይበልጣል። አንዴ ብቻ ግን። ጀማሪዎች ሳያውቁት "አንቱ"፣ "እርስዎ"፣ "አንተ" እያቀላቀሉ ስለሚናገሩ በንባብ ልምምድ ላይ ማን ማንን ምን እንደሚል በሠንጠረዥ ጻፉት።

ሙያ በልብ

"ይኖራል ወይ?" ላልሽው። በሰፈር ክበብ ብቻ የሚኖር ጥቂት ነው፤ ኑሮው የሚቆመው በሁለት ሦስት እግር ነው። አንደኛው ትምህርት ቤት ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛና መካከለኛ ደረጃ ላይ የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት ስለገባ የድራማ ሙያ ያለው ሰው የሚጠየቅበት ቦታ አለ፤ ግን የማስተማር ማስረጃ ይፈለጋል። ሁለተኛው የድርጅቶች ፕሮጀክት ነው፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይቆይና ይቋረጣል። ሦስተኛው የሬዲዮ ድራማ፣ የመድረክ መሪነት፣ የሥልጠና ጥሪ። ሥራው ወቅታዊ ነው። ክረምት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ሲወርድ ቃል አይሰማም (ያን ቀን የእንቅስቃሴና የቆመ ምስል ልምምድ ያዢ)፤ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስም ክበቡ ይራቆታል። ለነዚያ ወራት ገቢሽን ከአሁኑ አስቢ።

ዋጋ ስትነጋገሪ "ለአንድ ትርኢት ስንት?" ለሚለው አትመልሺ። የሰዓቱን አሳዪ፦ 60 ሰዓት ከልጆች ጋር፣ ቢያንስ 20 ሰዓት ለድርሰትና ለዝግጅት፣ ለቦታ ቅኝትና ለሪፖርት 10 ሰዓት። 90 ሰዓት ነው። በሰዓት የምትጠይቂውን አባዢበት፣ የልጆቹን ሻይና ትራንስፖርት ለብቻው በሌላ መስመር ጻፊ። ክፍያው በሦስት ይሁን፦ ውል ሲፈረም፣ ሙሉ ልምምዱ ሲታይ፣ ትርኢቱ እንዳለቀ። የመጨረሻውን ከሪፖርት ጋር ካሰርሽው ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው እስኪገኝ ትጠብቂያለሽ።

ክበቦች የሚፈርሱት ብዙ ጊዜ በውሎ አበል ነው። አንድ ፕሮጀክት ለልጆቹ ይከፍላል፣ የሚቀጥለው አይከፍልም፣ ያኔ ግማሾቹ አይመጡም። ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይነገር፦ ክበቡ ደመወዝ የለውም፤ ገንዘብ ሲገባ ይህን ያህሉ ለቁሳቁስ፣ ይህን ያህሉ በተገኙበት ሰዓት መጠን ለአባላት። ገንዘቡን አንቺ ብቻ አትያዢ፤ ሦስት ፈራሚ ይኑር፣ ሁለቱ ከልጆቹ (ከ18 ዓመት በላይ ያሉት)።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ በማዕከሉ ሥር እስካላችሁ የማዕከሉ ደብዳቤ ይበቃል። በራሳችሁ ውል መፈረም ስትጀምሩ ግን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠየቃል። ማኅበር ለመሆን ካሰባችሁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ቢያንስ 5 መሥራቾች ይጠይቃል። በሠራሽበት ሁሉ የሥራ ልምድ ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ተቀበዪ፤ ኃላፊው ሲቀየር የሚያስታውስሽ የለም። የልጆቹን ፎቶ ከመለጠፍሽ በፊት የወላጅ ፊርማ ይኑርሽ፣ በተለይ የሴት ልጅ ፎቶ ከኤች አይ ቪ ጽሑፍ ጎን ከወጣ ሰፈሩ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል።

ዲግሪ ግዴታ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ጥበባት የተማረ ሰው ግን ድርሰት መተንተንና ማዘጋጀት ላይ ሰፊ ብልጫ አለው። ከሕፃናት ጋር መሥራትን ያው በሥራ ላይ ነው የሚማረው። ሙያው በአገራችን ያደገው ትምህርት ቤት ውስጥም ነው፤ ዮፍታሔ ንጉሤ መምህር ነበር፣ ስንዱ ገብሩም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን ሲመሩ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት ይጽፉ ነበር። ደራሲም አዘጋጅም አልባሳት ሰፊም መሆን ያኔም ነበረ።

ለራስሽ ደግሞ ድምፅሽን ጠብቂ። 22 ልጅ በጩኸት ዝም የምታሰኚ ከሆነ በሁለት ዓመት ጉሮሮሽ ያልቃል። ከበሮ አንዴ ሲመታ ሁሉም ባለበት ይድረቅ፣ ሁለቴ ሲመታ ክብ ይሥራ። በመጀመሪያው ቀን አስተምሪያቸው።

ጀማሪዋ

ቅዳሜውን ወደ 8 ሰዓት ለማዛወር ከቴኳንዶው አሠልጣኝ ጋር ተነጋግሬ ተስማምተናል። ከበሮ ከማዕከሉ አለ። ለ6 በ6ቱ ገመድ ስንት ሜትር ልግዛ? 24?

ሁለተኛ ረድፍ

20 ይበቃል። ሦስቱን ጎን ብቻ ነው የምትከልዪው፣ 18 ሜትር፤ ሁለቱ ለቋጠሮ። የኋላው ጎን ክፍት ሆኖ ለተዋናዮቹ መግቢያና መውጫ ይቅር፤ ተተኪዎቹን እዚያ አቁሚ፣ አለበለዚያ የሰፈር ልጆች ይሞሉታል።